ስሟ ያልተጻፈበት ሣጥን

ባምላኩ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቆይታችሁ እንደምትናደዱበት ስለማውቅ ነው። በከተማው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ተማሪ ሲታመም ብርቱካን ይዞ ይጠይቃል፤ ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫው ይነሣል፤ እናቱን ይወዳል፣ እናቱን ይፈራል። ነገር የተበላሸው እዚህች መጨረሻዋ ላይ ነው።

እናቱ ወይዘሮ እቴነሽ ይባላሉ። ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ሆቴል አላቸው። ባለቤታቸው አቶ ሞላ ካረፉ ወዲህ አንድ ልጃቸውን ለወግ ለማዕረግ ለማብቃት ያልወጡት ዳገት የለም። ስለዚህም ባምላኩ የሚያገባት ሴት ምን ዓይነት መሆን እንዳለባት ከእሱ ቀድመው አስበው ጨርሰዋል፤ ቤተሰቧን፣ ትምህርቷን፣ ቁመቷን ሳይቀር።

ለተሥላሴ በዚህ ሐሳብ ውስጥ የለችም። ወይዘሮ እቴነሽ እሷን የሚያውቋት በሌላ በኩል ነው። ከገሳይ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ መንደር በዐሥራ አራት ዓመቷ መጥታ፣ አራት ዓመት ሙሉ በእሳቸው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ቀን ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፤ ማታ ትማራለች። ከዚያ ዓረብ አገር ሄደች። አምስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ልብስ ስፌት ተምራ መጣች። አሁን ገበያው ውስጥ፣ ጀማል የሚባለው የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በራሷ የስፌት መኪና ትሠራለች። ባምላኩ የሚወደው ይህችን ሴት ነው። እንዴት እንደ ወደዳት ለመናገር ግን መጀመሪያ ስለ ፊኛው መናገር አለብኝ።

ፊኛ ስላችሁ የልደት ፊኛ እንዳይመስላችሁ። ሲነፋ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሽቅብ በወጣ ቁጥር እያበጠ የሚሄድ፣ ከአውሮፕላን መንገድ በላይ ሰማዩ እስከሚጠቁርበት ድረስ ወጥቶ የሚፈነዳ ነው። ከሥሩ ካሜራ፣ የሙቀት መለኪያና የወደቀበትን ቦታ በሳተላይት የሚልክ መሣሪያ የታሸገበት ሣጥን ይንጠለጠላል። ፊኛው ሲፈነዳ ጃንጥላ ይከፈትና ሣጥኑን ቀስ አድርጎ ወደ ምድር ያወርደዋል። ይህን የሚሠሩት ሰባት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሁለት መምህራን፣ ሦስት ተማሪዎች፣ ጀማልና ለተሥላሴ። በየቅዳሜው ይሰበሰባሉ። ፊኛውን በባዶ እጅ መንካት ስለሚጎዳው ሁሉም ጓንት ያጠልቃሉ። ሣጥኑ ዓሣ ከባሕር ዳር የሚጫንበት ነጭ ፎም ነው፤ ሽታውን ለማስለቀቅ ብቻ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶባቸዋል።

ጃንጥላውን የሰፋችው ለተሥላሴ ናት። ጀማል ከሱቁ ጨርቅ ሰጠ፤ እሷ ቆረጠች፣ ሰፋች፣ ፈታች፣ እንደገና ሰፋች። ግንባታው ካላለቀ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ወጥታ፣ ገብስ የሞላ ከረጢት አስራ ትለቅቀዋለች። ባምላኩ ታች ሆኖ ሰዓት ይይዛል። ሁለት ጊዜ ከረጢቱ እየተሽከረከረ ወርዶ ፈነዳና የሰፈሩ ዶሮዎች ጠገቡ። በሦስተኛው ጃንጥላው ቀጥ ብሎ ተከፈተ፤ ከረጢቱም ዝግ ብሎ ወርዶ እግሩ ሥር አረፈ። ባምላኩ ሰዓቱን ማየት ነበረበት። ቀና ብሎ ያየው ግን እሷን ነው። እሷም ከላይ ጠርዙን ይዛ እሱን ታይ ነበር። አራት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ኖረው ያላያትን ያን ቀን አያት። ሰዓቱም ሳይያዝ ቀረ።

ይኸው ሰባት ወራቸው ነው። «ለእማዬ እነግራታለሁ» ካላት ደግሞ ስድስት ወር አልፏል። ሰኔ ላይ «ክረምቱ ይውጣ» አለ። ክረምቱ ሲወጣ «መስቀል ይለፍ» አለ። መስቀል ሲያልፍ «ፊኛው ይብረር» አለ። ለተሥላሴ አልጨቀጨቀችውም። እሷ ዝም ባለች ቁጥር እሱ ራሱን ይጠላ ነበር፤ ራሱን መጥላቱ ግን አላናገረውም።

* * *

በረራው በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን ተቆረጠ። በዚያ ወቅት ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለሚነዳ ሣጥኑ ገሳይ አካባቢ እንደሚወድቅ ባምላኩ አስልቷል። አንድ ገበሬ ከሰማይ የወረደ የማያውቀውን ነገር ማሳው ላይ ቢያገኝና በዱላ ቢቀጠቅጠው ማን ይፈርድበታል? ለሕዝቡ አስቀድሞ የሚነግር ሰው ያስፈልግ ነበር። ለተሥላሴ «አገሬ ነው፣ እኔ እሄዳለሁ» ብላ ሳምንት ቀድማ ሄደች።

ሐሙስ ዕለት ባምላኩ ሣጥኑ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አዘጋጀ። «ይህ ሣጥን ለአየር ጠባይ ጥናት የተሠራ ነው፤ ጉዳት የለውም፤ ያገኘ ሰው በዚህ ስልክ ይደውል» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «የሠሩት» አለና ስም መደርደር ጀመረ። ስድስት ጽፎ ሰባተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። ቅዳሜ እናቱ ይመጣሉ። እናቱ ደግሞ የተጻፈ ነገር አይተው አያልፉም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን እንኳ መነጽር አድርገው ያነቡታል። «ለተሥላሴ ፈንታሁን» የሚለውን ሲያዩ «ይህቺ የኛዋ ለቴ ናት እንዴ?» ይላሉ፤ እዚያው፣ እንግዶች ባሉበት። «አሁን ይቅር። ከበረራው በኋላ ሁሉን ነግሬያት ስሟን እጨምራለሁ» ብሎ ራሱን አሳመነ። ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ወረቀቱን አተመ፣ ሣጥኑ ላይ ለጠፈ፣ በግልጽ ፕላስተር አሸገው።

ዓርብ ቀትር ላይ ከገሳይ የመጣ የሚኒባስ ሹፌር ደብዳቤ ሰጠው።

«ውድ ባምላኩ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ኔትወርክ ዛፍ ላይ ካልወጡ አይገኝምና በወረቀት ልጻፍልህ ብዬ ነው። ደግሞም በወረቀት ይሻላል፤ በስልክ ድምፅህን ስሰማ የምለው ይጠፋኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን አስፈቅጄ ሕዝቡን አናገርኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነጭ ሣጥን ከሰማይ ይወርዳል፣ አትደንግጡ፣ እንዳትመቱት አልኳቸው። አንዱ ተነሥቶ ‹የእናንተ መሆኑን በምን እናውቃለን? የክፉ ሰው ቢሆንስ?› አለኝ። ‹ስሜ ተጽፎበታል። ስሜ ካለበት የኛ ነው› አልኩት። ሁሉም ተስማሙ።

አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ነግሬህ ነበር። ግን አንድ ቃል ያውቃል። ዓረብ አገር ሳለሁ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ደብዳቤ እልክለት ነበር፤ ግርጌው ላይ ስሜን በትልቁ እጽፋለሁ። ሌላውን ጎረቤት ያነብለታል፤ ስሜን ግን ራሱ በጣቱ እየነካ ለመዳት። አሁን ለመንደሩ ሁሉ ‹እኔው አይቼ እለየዋለሁ› እያለ ነው። ደስታውን ብታየው!

እንዳትስቅብኝ እንጂ የስሜን መጻፍ እያሰብኩ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እስከ ዛሬ በሰው ቤት ስሠራ ስሜ የትም ተጽፎ አያውቅም። ባጠብኩት ልብስ፣ ባሳደግሁት የሰው ልጅ ላይ ማን ስሜን ይጽፋል? ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ ቀና ብዬ ሰማዩን እያየሁ እጠብቅሃለሁ።

ያንተዋ ለተሥላሴ»

ባምላኩ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ሁለተኛውን ሲጨርስ ፊቱ ይቃጠል ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ማንም ሳይኖር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ተነሥቶ ውሃ የማያስለቅቀው ጥቁር ማርከር ፈልጎ ኪሱ ከተተ። «ጠዋት ማንም ሳይመጣ እጽፈዋለሁ» አለ። ከልቡ ነበር የተናገረው።

* * *

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሜዳው ሲደርስ እናቱ ቀድመውታል። ለልጆቹ ሁለት ድፎ ዳቦ አስጋግረው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለዋል።

«ና እስቲ ልጄ!» አሉት። «ባምላኩ ሞላ! ከሁሉም በላይ አንተ ነህ የተጻፍከው። አባትህ ይህን ቢያይ ምን ነበረበት?» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ቀጥለውም አምስቱን ስሞች አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ።

ማርከሩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጣቱ ይዞታል። አንድ ስም ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

«ይህን ጃንጥላስ ማን ሰፋው? ስፌቱ ሲያምር! እጁ ይባረክ።»

ባምላኩ «ገበያ…» አለ። «ገበያ ነው ያሰፋነው እማዬ።»

ጀማል አጠገባቸው የጋዙን ሲሊንደር ሲከፍት ነበር። ቀና ብሎ ባምላኩን አየው። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ባምላኩ ከዚያ በኋላ ፊኛው ሲነፋም፣ ገመዱ ሲቋጠርም፣ እንግዶቹ ሲያጨበጭቡም የጀማልን ዓይን ሲሸሽ ቆየ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፊኛው ከእጃቸው ወጣ። ሰዉ ሁሉ ወደ ላይ እያየ እልል ሲል እሱ ብቻ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሣጥኑን ፍለጋ በጀማል ፒካፕ ሊሄዱ ሲነሡ ወይዘሮ እቴነሽ የጋቢናውን በር ከፍተው ገቡ።

«እማዬ፣ መንገዱ እኮ ኮረኮንች ነው።»

«ልጄ ሰማይ ድረስ የላከውን እኔ ገሳይ ድረስ ሄጄ ባየው ምን አለበት? ንዳው ጀማል!»

ባምላኩ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣ። ብርዱ ፊቱን ይጋረፋል፤ ደብዳቤው የደረት ኪሱ ውስጥ አለ። መንገዱን ሙሉ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሰው ቀድሜ ከደረስኩ፣ ማንም ሳያየው እጽፈዋለሁ። ማርከሩን ደጋግሞ እየነካ ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ማሰቡ ራሱ እንደሚያሳፍር ያውቃል፤ ቢሆንም ማሰቡን አልተወም። ገሳይ ሲገቡ ስልኩ ጮኸ። ሣጥኑ ወርዶ ያለበትን ቦታ በመልእክት ልኮ ነበር።

* * *

የወደቀው ገብሱ በታጨደ ማሳ ላይ ነው። ከመኪናው ሆነው ሲያዩ ሰው ከብቦ ቆሟል። ባምላኩ ኪሱ ውስጥ የያዘውን ማርከር ለቀቀው።

ለተሥላሴ ሣጥኑን ስትፈልግ ከነበረችበት ሌላ ማሳ እየሮጠች መጣች፤ ገና አላየችውም። ፊቷ በርቷል። ከዚያ ከጋቢናው የሚወርዱትን ሴት አየችና ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«እንደምን ዋሉ እትዬ?»

«ውይ! ለቴ! የኔዋ ለቴ!» ወይዘሮ እቴነሽ ከልባቸው ደስ ብሏቸው አገላብጠው ሳሟት። «አገርሽ እዚህ ነው ለካ? ቆይ እስቲ፣ አንቺ የጀማል በረንዳ ላይ ትሰፊ የለም? ያንን ጃንጥላ የሰፋሽላቸው አንቺ ነሽ እንዴ? ልጄ እኮ ገበያ አሰፋነው አለኝ!»

ለተሥላሴ ወደ ባምላኩ ዞረች።

«ገበያ?» አለች።

ባምላኩ ዓይኑን ሰበረ።

ከሰዉ መሀል አንድ ሽማግሌ ጠሯቸው። የለተሥላሴ አባት አያ ፈንታሁን ናቸው። ሣጥኑ እንዳይቆሽሽ ጋቢያቸውን መሬት ላይ አንጥፈው በላዩ አስቀምጠውታል፤ ራሳቸው በብርድ በእጀ ጠባባቸው ቀርተዋል።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ» አሉ። «አንድም ሰው አልነካብዎትም እሜቴ፤ እኔ ብቻ ነኝ የነካሁት። አስተማሪው አንተ ነህ? እስቲ ወዲህ በል። የልጄ ስም የቱ ጋ ነው?»

ሽማግሌው ሻካራ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ከላይ ጀመሩ። እያንዳንዱ ስም ላይ ይቆማሉ፣ ያጤናሉ፣ ወደሚቀጥለው ይወርዳሉ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቀረ።

«ሦስቴ አየሁት። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ብዬ ዲያቆኑንም አስነበብኩት። ስድስት ሰው አለ፣ ለተሥላሴ የምትባል የለችም አለኝ።»

«በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ስሜ አለበት ብላን አልነበር?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዓረብ አገር የኖረች ሴት ወሬ መች ይቸግራታል!» አለ ሌላው። ሳቅ ተሰማ። አያ ፈንታሁን ሳቁን ሰምተዋል፤ ዞረው ግን አላዩም።

ለተሥላሴ ሣጥኑ አጠገብ ተንበረከከች። ስድስቱን ስሞች ቀስ ብላ አነበበች። ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ ቀና ብላ ባምላኩን አየችው።

«ረስተኸው ነው» አለች። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበር፤ ዓይኖቿ ግን ይለምኑታል። «በጥድፊያ ረስተኸው ነው፣ አይደል? ሥራ በዝቶበት ነው እኮ አባቴ።»

እሷው ራሷ በሩን ከፈተችለት። አንዲት «አዎ» ትበቃው ነበር። ሰዉ ስቆ ይበተናል፤ እናቱ አንዳች ነገር ሳያውቁ ወደ ሆቴላቸው ይመለሳሉ፤ ለተሥላሴም ለጊዜው ብትቀየመው ኋላ ይታረቃሉ። ባምላኩ «አዎ» ሊል አፉን ከፈተ። ሽማግሌው ግን ጣታቸውን ከባዶው ቦታ ላይ አላነሡም ነበር። መልሱን እየጠበቁ ያዩታል። በእነዚያ ዓይኖች ፊት ውሸቱ ከጉሮሮው አልወጣ አለ።

«አልረሳሁም» አለ።

ለተሥላሴ አንዴ ራሷን ነቀነቀች፤ ዝም በል እንደማለት።

«አልረሳሁም አባቴ። ልጽፈው ስል አውቄ ነው የተውኩት። ልጅዎ አልዋሸችም። ጃንጥላውን በገዛ እጇ ሰፍታዋለች፤ እሷ ባትኖር ይህ ሣጥን ዛሬ ስብርባሪ ነበር። ስሟ የሌለው እኔ ስላፈርኩ ነው።»

«በምን አፈርክ?» አሉ አያ ፈንታሁን።

ከዚህ ጥያቄ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እወዳታለሁ» አለ። «ሰባት ወር ሆነን። በእናቴ ቤት ሠራተኛ ስለነበረች ሰው ምን ይለኛል ብዬ ስሟን ከስሜ ሥር ማስቀመጥ አፈርኩ። ዛሬ ጠዋትም ልጽፈው እችል ነበር፤ አልጻፍኩም። ማን ሰፋው ስባልም ገበያ አሰፋነው አልኩ። እዚህ ስንመጣ እንኳ ቀድሜ ደርሼ ተደብቄ ልጽፈው ነበር ያሰብኩት።»

መጀመሪያ የተናገሩት ወይዘሮ እቴነሽ ናቸው፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«በእኔ ምክንያት ነው?»

«አይደለም እማዬ። ነግሬሽ መች አውቃለሁ? አንቺን ሰበብ አደረግሁሽ እንጂ ያፈርኩትስ እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ እቴነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ቃል አጥሯቸው የማያውቀው ሴት መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ተቆጥተው ይሁን አፍረው ባምላኩ ማወቅ አልቻለም።

አያ ፈንታሁን ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡና ከኋላቸው ወደቆመው ሰው ዞሩ።

«ሰማችሁ?» አሉ። «ልጄ አልዋሸችም።» ቀጥለው ሣጥኑን በሁለት እጃቸው አንሥተው ለባምላኩ ሰጡት። «እንካ ንብረትህን። እኔ የፈለግሁት ይህንኑ ማወቅ ነው።»

ባምላኩ ሣጥኑን ታቅፎ ቆመ። ለወራት የደከመበት ሥራ እጁ ላይ ነበር፤ የት እንደሚያስቀምጠው ግን አላወቀም። ለተሥላሴ ጋቢውን ከመሬት አንሥታ አራገፈችና አባቷን አለበሰች። በአጠገቡ ስታልፍ ቆም አለች።

«ብትረሳው ይሻለኝ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «ረሳኝ ብዬ እየተናደድኩም እወድህ ነበር። እያስታወስከኝ እንደተውከኝ አውቄ ግን እንዴት አድርጌ ነው የምወድህ?»

እሷም መልስ ሳትጠብቅ ወደ ቤት ሄደች።

* * *

ባምላኩ መኪናው ዘንድ መቆየት ፈልጎ ነበር። አያ ፈንታሁን እንግዳ ከደጃቸው ሳይቀምስ እንደማይሄድ ተናግረው ሁሉንም አስገቡ። እሱንም «ግባ» አሉት፤ ሌላ አልጨመሩም። ጾም ስለነበረ የቀረበው ትኩስ ቅቅል ድንችና የገብስ ዳቦ ነው፤ ጀማልም አብሮ ቀረበ።

ለተሥላሴ ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። መጀመሪያ ወደ ወይዘሮ እቴነሽ ነው የሄደችው። ውሃውን ልታፈስ ስትል ሴትየዋ አንጓዋን ያዝ አደረጓት።

«ስንት ጊዜ አስታጥበሽኛል ለቴ?»

«እኔ እንጃ እትዬ። አልቆጠርኩትም።»

«እኔም አልቆጠርኩትም» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ። ቀጥለው ሊሉት የፈለጉት ነገር ነበር፤ አንጓዋን ለቀው እጃቸውን ዘረጉ።

ባምላኩ ዘንድ ስትደርስ ብድግ አለ።

«ስጪኝ። እኔ ላስታጥብ።»

«ተቀመጥ» አለችው። «በእናንተ ቤት ሥራዬ ነበር። እዚህ ግን የአባቴ እንግዳ ስለሆንክ ነው። እጅህን ዘርጋ።»

ተቀመጠ፤ ዘረጋ። ውሃው በጣም ይቀዘቅዝ ነበር። ለተሥላሴ ጎንበስ ብላ፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

«ሰባት ወር ሙሉ ሱቆች መዘጋጋት ሲጀምሩ ጠብቀህ በጓሮ በኩል ነው የምትመጣው። ዓይን አፋር መስለኸኝ ነበር። ደስም ይለኝ ነበር።» ውሃውን ጨመረችለት። «ከእንግዲህ ወደ እኔ ከመጣህ በገበያ ቀን ና። በጠራራ ፀሐይ፣ በመሀል መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየህ ና። ይህን ካልቻልክ አልቀየምህም። ግን አትምጣ።»

«ለቴ፣ እኔ…»

«እመጣለሁ እንዳትለኝ። ብዙ ብለኸኛል።»

ማስታጠቢያዋን ይዛ ወደ ጀማል አለፈች። ባምላኩ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ ተቀመጠ፤ ማበሻው ትከሻዋ ላይ እንደ ነበረ አላየውም። ሌሎቹ መብላት ጀመሩ። እሱ ግን ወደ ገበታው እጁን መዘርጋት አፈረ። ከዚህ ሰው ድንች አንሥቶ ለመብላት ምን ፊት አለው? አንገቱን ደፍቶ የሰዉን ማኘክ ይሰማ ነበር።

አያ ፈንታሁን አዩት። ከመሶቡ አንድ ትልቅ ድንች መረጡ። ትኩሳቱ እያቃጠላቸው በእነዚያ ሻካራ ጣቶቻቸው ቀስ ብለው ላጡት፣ ጨው ነሰነሱበትና ፊቱ አስቀመጡለት።

«ብላ ልጄ» አሉት።

ባምላኩ ያንን ድንች እያለቀሰ በላው።